ሥዕሉ የማን ነው?

በእንቁጣጣሽ ዕለት የአዲስ አበባ ልጆች በወረቀት ላይ አበባ እየሣሉ በየዘመዱና በየጎረቤቱ ቤት ያድላሉ። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ወንዶች ልጆች ሥዕላቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ተቀባዩም መርቆ ሳንቲም ይሰጣል። ይህ ሥዕል የመልካም ምኞት መግለጫ ነውና ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ቢሆን ነውር የለበትም። ለዘመድ ቤት ግድግዳ ተብሎ የሚሣለው ግን ሌላ ነው፤ ሠዓሊው ሠርቶ ይሄዳል፣ ባለቤቱ ግን ዓመት ሙሉ ከሥዕሉ ጋር ይኖራል።

በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖሩ አክስቴ የአበባ ሥዕል እንድሠራላቸው በጠየቁኝ ጊዜ እኔ ያሰብሁት አደይ አበባን ነበር። ቢጫ መልኳ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ከክረምት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለምትታይም ትናፈቃለች። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ አደይ የሁሉም ናት፤ ለእኔስ ነፍሱን ይማረውና አጎትህ በደጃፍ የተከላትን ጽጌረዳ ሣልልኝ» አሉኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ ሠዓሊው የማንን ፈቃድ ይከተል? «ዐዋቂው እኔ ነኝ» ብሎ የወደደውን ቢሥል ምናልባት ያማረ ሥዕል ይወጣው ይሆናል፤ ነገር ግን ስጦታው ለአክስቱ መሆኑ ቀርቶ ለገዛ ዝናው ይሆናል። የታዘዘውን በችኮላ ቢጨርስም ውለታ አይባልም። ምርጫው የተቀባዩ፣ ትጋቱ የሠሪው ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ጽጌረዳዋን ቀርቤ ተመለከትሁ፤ እሾኋንም፣ ትል የበላውን ቅጠሏንም ሣልሁ፤ አክስቴ የሚያውቋት እንዲህ ሆና ነውና።

አንተም በእጅህ ሠርተህ ለሰው የምትሰጥ ብትሆን፣ ብሩሽህን ከማንሣትህ አስቀድሞ ጠይቅ፤ ከጠየቅህም በኋላ ስማ።