ሕፃን በመንገድ ላይ ስትመሰክር

አባት ሲሳሳት ልጅ ዝም ማለቷ አክብሮት ነውን? ይህን ጥያቄ ያነሣብን፥ ከሚዛን ተፈሪ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ ከአንድ ቤተ ሰብ ጋራ በመኪና ስንጓዝ ያየነው ነው። የአምስት ዓመት ልጃቸው፥ «አባዬ፥ መንገዱ ይህ አይደለም፤ ባለፈው ስንሄድ ቡና የተሰጣበት ግቢ በእኔ በኩል ነበር» አለች። አባቷ ገሠጻት፤ እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ አብረን ሣቅን። መንገዱ ግን በቡና ተክል ውስጥ አለቀና ተመለስን።

በዚያ አገር የጥላው ዛፍ ፀሐይን ስለሚጋርድ ምሥራቅን መለየት ለዐዋቂም ይቸግራል። ሕፃን ግን የአቅጣጫን ስም ሳያውቅ ምልክትን ይይዛል፤ ድልድዩን፥ የወደቀውን ግንድ፥ ውሻ የጮኸበትን ደጅ። እኛ በወሬ ስንጠመድ እርሱ በመስኮት ይመለከታልና።

ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደ ጻፈው፥ ጌታችን በ12 ዓመቱ በመቅደስ ሲገኝ፥ በዚያ ሊሆን እንደሚገባው ለፈለጉት ነገራቸው፤ ከዚያም ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዝላቸው ነበር። እንግዲህ እውነትን መናገርና መታዘዝ አይጣሉም፤ የሚጣላው የእኛ ክብር ነው።

ከሸኮ አልፈን ሌላ መገንጠያ ስንደርስ አባቷ ቀስ ብሎ፥ «ልጄ፥ በየት በኩል ነው?» አላት። ልጅቱ አልመለሰችም።