ንብ የማን ናት?

«ንብ የማን ናት?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «የባለ ቀፎው ናት» ብለን እንመልሳለን። ይህ መልስ ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ቀፎውም ማሩም በእርግጥ ባለቤት አላቸው። ንቧ ግን ማለዳ ወጥታ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ስትበር የማንንም አጥር አትጠይቅም፤ የማንንም ማሳ አትለይም።

ለመሆኑ ማሳው ላይ ምን ትሠራለች? እዚሁ ከሚሴ አካባቢ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ያለውን እርሻ እንመልከት። ማሽላ ንብን አይጠብቅም፤ ጤፍም እንዲሁ። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ግን ለየብቻ ስለ ሆነ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ከሌለ ፍሬ አይዝም። ኑግም በራሱ ብናኝ እምብዛም ዘር አይቋጥርም። ለዘር የተተወ ሽንኩርት የንብና የዝንብ እርዳታ ያሻዋል። ፓፓያን ደግሞ በምሽት የሚበሩ የእሳት ራቶች ያገለግሉታል።

እንግዲህ ባለ ማሳው «ማሳውም የኔ፣ መድኃኒቱም የኔ፤ ብረጭ ማን ይከለክለኛል?» ቢል ትክክል ነውን? በቀትር አበባ ላይ የተረጨ ፀረ ተባይ የጎረቤቱን ንብ ይገድላል። ንቧ ከቀፎዋ ርቃ ስለምትወድቅ ሬሳዋን የሚያነሣ፣ ካሣ የሚጠይቅም የለም። ነገር ግን ጉዳቱ አለመታየቱ ከበደል ነፃ አያወጣም። ደግሞም የራሱን ዱባ ፍሬ ያስያዘችለትን ሠራተኛ መግደሉ ነው።

ስለ ገበሬውም ሚዛናዊ እንሁን። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወሎንና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን በወረረ ጊዜ የደረሰ ሰብል ዓይን እያየ ይበላ ነበር። አንበጣን ለመከላከል የሚረጩት እንደ ማላታዮን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ አንበጣውን ከንቧ አይለዩም። ልጆቹ እንዳይራቡ የረጨውን አባት ማን ይወቅሰዋል? ሆኖም ችግር የሚያስገድደው መርጨትን እንጂ ቸልተኝነትን አይደለም። ሲመሽ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ መርጨት ይቻላል። አበባ ያለበትን ጊዜ ማሳለፍ ይቻላል። ለባለ ቀፎው ከዋዜማው መንገርም ምንም ወጪ የለውም።

በቻይና አገር በሲቹዋን ግዛት፣ ሃንዩዋን በተባለ ወረዳ፣ ከመድኃኒቱ ብዛት የተነሣ ንብ አርቢዎች ቀፎአቸውን ወደ ፍራፍሬው ቦታ ማምጣት ፈርተው ነበር። ስለዚህ ገበሬዎች ዛፍ ላይ እየወጡ፣ በዘንግ ጫፍ በታሰረ የዶሮ ላባ አበባውን አንድ በአንድ ብናኝ ያስነኩት ነበር። ንብ በነፃ የምትሠራውን ሰው ሲሠራው ምን ያህል እንደሚደክም ከዚህ እንማራለን።

አገራችንም ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 660ን አውጥታለች። ነገር ግን አዋጅ ማሳ ለማሳ እየዞረ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የጎረቤት ኅሊና ነው።

ወጣቶች ሆይ! በቤተ ክርስቲያን የምናበራው የሰም ጧፍ የንብ ሥራ ነው። ያቺ ንብ በአንድ ቀን የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ጎረቤታችንን አበባ ስትቀስም ውላ ይሆናል። በሙስሊሞች ቁርኣንም ውስጥ በንብ ስም የተጠራ ምዕራፍ አለ። በብዙ ነገር ስንለያይ ንብን በመጠበቅ ግን ልንለያይ አይገባንም።

ስለዚህ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን በእርሻ የምናግዝ እንደ መሆናችን ትንሿን ነገር እንጀምር። «አባባ፣ ንቦቹ ይግቡና ሲመሽ እንርጭ» እንበል። ወደ ባለ ቀፎው ጎረቤታችንም ሄደን «ጋሼ፣ ነገ ማታ እንረጫለንና ቀፎዎን ይጠንቀቁ» እንበል። ለከሰል ሊቆረጥ የተፈለገ ግራር ቢኖር አበባው የንብ ቀለብ መሆኑን እናስታውስ። ንብ ካለቀች በኋላ ብንቆጭ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል። ንብ የማን ናት? ከሥራዋ የምንበላ ሁሉ አደራዋ አለብን።