ጠንቀቅ!

በጎልፍ ሜዳ ኳስ ወደ ሰው ሲያመራ መቺው «ፎር!» ብሎ ይጮኻል። የቃሉ ምንጭ ያከራክራል። ብዙዎች የሚቀበሉት በስኮትላንዳውያን አነጋገር «ወደ ፊት፣ ከፊት» ማለት እንደሆነ ነው። ኳሱ የወደቀበትን እንዲያይ አስቀድሞ የሚላከውን ረዳት ከመጥራት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ከመድፈኞች ትእዛዝ ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ምንጩ የትኛውም ቢሆን፣ ቃሉ ዛሬ የሚጠቁመው ኳሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው እንጂ ማንንም ለይቶ አይጠራም።

አማርኛ ግን ሰሚውን ይፈልጋል። አዲስ አበባ፣ ቦሌ ወይም ገርጂ ላይ በባሕር ዛፍ ርብራብ የቆመ ግንበኛ «ጠንቀቅ በል!»፣ «ጠንቀቅ በይ!»፣ «ዞር በሉ!» ሲል ከታች ያለው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ ግሱ ራሱ ይጠይቀዋል። ከዚህም የሚልቅ ነገር በቃሉ አረባብ ውስጥ አለ። «መጠንቀቅ» የራስ ሥራ ነው፤ «ማስጠንቀቅ» ግን ሌላው እንዲጠነቀቅ ማድረግ ነው። ጥንቃቄው ወደ ሰሚው ሲሻገር የደም ዕዳም አብሮ ይሻገራል?

ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 ይሻገራል የሚል ይመስላል። ጉበኛው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ከነፋ፣ ሰምቶ ያልተጠነቀቀው ሰው ደም በራሱ ላይ ነው፤ ካልነፋ ግን ከጉበኛው እጅ ይፈለጋል። ሆኖም ጉበኛው ሰይፉን አላመጣም። የሌላውን አደጋ አይቶ የሚጮኽ ሰው በጩኸቱ ነፍሱን ያድናል፤ ድንጋይ ራሱ የሚጥለው ሰው ግን በዚህ ምሳሌ ሊጠለል አይችልም። ሁለቱን ማምታታት ከባድ ስሕተት ነው።

የሮም ሕግ ሊቃውንት ይህን በዛፍ ቆራጭ ምሳሌ መርምረውታል። ሕዝብ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቅርንጫፍ የሚጥል ሰው አስቀድሞ መጮኽ አለበት፤ የጮኸው መሸሽ በማይቻልበት ቅጽበት ከሆነ ግን ጥፋተኛ ነው። በ533 እ.ኤ.አ. የወጣው የንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ የሕግ መማሪያም ቆራጩን ያነሣል። ጩኸት የሚመዘነው ለሰሚው በተወው ጊዜ ነው ማለት ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ይህ መመዘኛ ይጠብቃል። የታክሲ ረዳቱ የመድረሻውን ስም ይደጋግማል፣ የኮንክሪት ማደባለቂያው ያጓራል፣ ጥሩምባው አያባራም። የመንገደኛው ጆሮ የማይመለከተውን ጩኸት ማሳለፍ ለምዷል፤ ባይለምድ ኖሮ መንገዱን ጨርሶ ቤቱ አይገባም ነበር። ስለዚህ «ጮኸን እኮ፣ አልሰማም» የሚለው መልስ ደካማ ነው። መስማት የተሳነውም ሕፃንም በዚያው መንገድ ያልፋሉ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሜዳውንና መንገዱን ይለያል። አንቀጽ 2068 በስፖርት ጨዋታ መካከል ተጫዋች ወይም ተመልካች ቢጎዳ፣ ማታለል ወይም ከባድ የጨዋታ ሕግ መጣስ ከሌለ ጎጂውን ከኃላፊነት ነጻ ያደርገዋል። አንቀጽ 2080 ግን ከሕንፃ ላይ በሚወድቅ ነገር ለሚደርስ ጉዳት በሕንፃው የሚኖረውን ሰው ኃላፊ ያደርጋል፤ ጮኾ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ወደ ሜዳ የገባ ሰው ወዶ ገብቷል፤ ዳቦ ሊገዛ በሕንፃ ሥር የሚያልፈው ግን የማንንም ጨዋታ አልተቀበለም።

ኦሪት ዘዳግም 22፥8 ደግሞ ከጩኸቱ በፊት ወዳለው ሥራ ይሄዳል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ማንም ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል። ትእዛዙ የተሰጠው ለሚሠራው ነው።