ስለ ራስ መመስከርና ስለ ባልንጀራ ጥበቃ

ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት እስከ ምን ድረስ የታመነ ነው? ይህን ጥያቄ መምህራን ስለ ኅሊና ሲያስተምሩ ያነሡታል፤ እኛ ግን ዛሬ የምንመረምረው ከመዋኛ ገንዳ በተገኘ ምሳሌ ነው። አንባቢ «ካህንን ከዋና ጋር ምን አገናኘው?» ቢል አይፈረድበትም፤ ጥቂት ቢታገሠን ግን ነገሩ ስለ ሰው ጠባይ መሆኑን ያያል።

በዚህ ዘመን በልዩ ልዩ አገሮች ትንፋሽን ይዞ በውኃ ውስጥ የመቆየት ውድድር አለ። ከፊሉ በባሕር ጥልቀት ይደረጋል፤ ከፊሉም በመዋኛ ገንዳ ነው። በገንዳ የሚደረገው በሁለት ይከፈላል። በአንደኛው ተወዳዳሪው በግንባሩ ተደፍቶ፥ ፊቱን በውኃ ውስጥ አድርጎ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ የሚቈጠረውም ጊዜው ነው። በሁለተኛው ከውኃው በታች አግድም እየዋኘ ይሄዳል፤ የሚቈጠረውም ርቀቱ ነው። ይህን ውድድር ከሚያስተዳድሩት አንዱ አይዳ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲሆን በ1992 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ስቴፋን ሚፍሱድ የተባለ ፈረንሳዊ በ2009 እ.ኤ.አ. 11 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ትንፋሹን ይዞ ቆይቷል። ፖላንዳዊው ማቴውሽ ማሊና በ2016 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ አገር በቱርኩ ከተማ 300 ሜትር በአንድ ትንፋሽ ዋኝቷል። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይደነቃል፥ ቀጥሎም «ለምን?» ይላል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እስትንፋስ ለሰው በቸርነት የተሰጠ ስለ ሆነ፥ ሰጪው ሳይከለክል ተቀባዩ በራሱ ላይ ቢከለክለው ፈጣሪን መፈታተን አይሆንምን? የሚል ይኖራል። እኛ ግን ነገሩን በጅምላ ማውገዝ አይገባም እንላለን። ምነው ቢሉ፥ በጃፓን አገር አማ የሚባሉት ሴቶች የባሕር ምግብ ለመልቀም፥ የዐረብ ባሕረ ሰላጤና የዳህላክ ጠላቂዎችም ዕንቍ ለመፈለግ ትንፋሻቸውን ይዘው ሲጠልቁ ኖረዋል፤ እንጀራቸው ነውና ማን ይነቅፋቸዋል? ለእንጀራ የተፈቀደ ድካም ለጨዋታ በሆነ ጊዜ ዋጋው ይለወጥ ይሆናል እንጂ ወዲያው ኃጢአት አይሆንም። «ከንቱ ውዳሴ ይገባበታል» ለሚለውም መልሳችን፥ እውነት ነው፥ ይገባበታል የሚል ነው። ወደ ማኅሌትም ይገባል፤ ድምፁን ለማሰማት ሲል ዜማውን ከሚያረዝም ሰው አጠገብ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። ትንፋሹን የያዘ ሰው ጥቂት ከቆየ በኋላ ይጨነቃል፤ ደረቱና ሆዱ ይርገበገባል። ብዙ ሰው ይህ ጭንቀት የሚመጣው በሰውነት ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ስላለቀ ይመስለዋል። ሐኪሞች ግን ጭንቀቱን ይልቁን የሚያስነሣው በደም ውስጥ የሚጠራቀመው የተቃጠለ አየር፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉት መሆኑን ያስረዳሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ከመጥለቁ በፊት በኃይል ደጋግሞ ቢተነፍስ የተቃጠለውን አየር ከደሙ ያስወጣል፤ ኦክሲጅኑን ግን እምብዛም አይጨምርም። ጭንቀቱ ይዘገያል፤ ስንቁ ግን ያው ነው። ይህም በጎተራው እህል ሳይጨምሩ የጎተራውን ዘበኛ እንደ ማስተኛት ነው፤ ዘበኛው ዝም ስላለ ቤተ ሰቡ ሁሉ እህሉ ያለ ይመስለዋል። ሰውየውም «ገና ነኝ» እያለ ምንም ሳይታወቀው ራሱን ስቶ በውኃ ውስጥ ይቀራል። አልበርት ክሬግ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ስለዚህ አደጋ በ1961 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ባለማወቅ በገንዳ የሚሞቱ ጐበዛዝት አሉ፤ የሚበዙትም ዋና የሚችሉ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ይህ ሰው አልዋሸም። «ደኅና ነኝ» ያለው ከልቡ ነው። የሳተው የሚመረምረው አእምሮ ራሱ እየጐደለ ስለ ሄደ ነው፤ ሚዛኑ ከሚመዘነው ጋር አብሮ ይቀልላል። ሰካራምም «አልሰከርሁም» ሲል ብዙ ጊዜ ከልቡ ነው። ራሳቸውን ስተው ከተነቁት ተወዳዳሪዎችም ብዙዎቹ መሳታቸውን አያስታውሱም፤ ባልንጀሮቻቸው ሲነግሯቸው ይከራከራሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚኖሩት ሰዎች ከሁሉ በላይ አድርገው የሚያስተምሩት ሕግ ማንም ብቻውን እንዳይጠልቅ የሚል ነው። ሳይንቀሳቀስ ለሚቆየው ተወዳዳሪ ረዳቱ በአጠገቡ በውኃው ውስጥ ይቆማል። በተስማሙበት ሰዓት ሰውነቱን ይነካዋል፥ እርሱም ጣቱን አንሥቶ ይመልስለታል፤ ካልመለሰ ደግሞ ይነካዋል፤ አሁንም ዝም ቢል ያለ ክርክር ፊቱን ከውኃ ያወጣዋል። ከወጣም በኋላ ፍርዱ አላለቀም። በአይዳ ሥርዓት ተወዳዳሪው በ15 ሰከንድ ውስጥ የፊቱን መሣሪያ ማውለቅ፥ በእጁ የደኅንነት ምልክት ማሳየት፥ ከዚያም በአፉ «ደኅና ነኝ» ማለት ይገባዋል። ቅደም ተከተሉን ቢያፋልስ ነጭ ካርድ አያገኝም። ቃሉ ብቻውን እንደማያስታምን ስላወቁ እጁም፥ ፊቱም፥ አፉም እንዲመሰክሩ አደረጉ፤ ፍርዱንም ለሌላ ሰው ሰጡ።

ይህ ሕግ ለጀማሪዎች ብቻ የተሠራ የሚመስለው ቢኖር ሩስያዊቱን ናታሊያ ሞልቻኖቫን ያስብ። ወደ 40 ዓመት ገደማ ሲሆናት ይህን ትምህርት ጀምራ በ2013 እ.ኤ.አ. 9 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ትንፋሿን ይዛ ቆየች፤ ብዙዎችንም አስተማረች። በ2015 እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር መጀመሪያ በእስጳንያ በፎርሜንቴራ ደሴት አጠገብ በባሕር ጠልቃ አልተመለሰችም፤ አስከሬኗም አልተገኘም። ባሕርና ገንዳ የተለያዩ ናቸው፤ በእርሷ ላይ ለመፍረድም አልጠቀስናትም። ከእርሷ ይልቅ ልኬን አውቃለሁ የሚል ማን አለ ለማለት ነው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። ጠባቂ መኖሩ ደፋሩን የባሰ አያደፋፍረውምን? «ብወድቅ ያነሡኛል» ብሎ ከልኩ ያልፋልና። ይህ ተቃውሞ ባዶ አይደለም። የውድድሩ ሥርዓት ግን መልስ አለው፤ ራሱን የሳተ ተወዳዳሪ 200 ሜትር ቢሄድ ወይም 250 ቢሄድ ቀይ ካርድ ይሰጠዋል፥ ርቀቱም እንዳልተዋኘ ይሆናል። ተስቦ ለወጣ ሰው ክብር የለም። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በውድድር ቀን ነው። በልምምድ ቀን ዳኛም ካርድም የለም፤ ያለው ባልንጀራ ብቻ ነው። እንግዲህ ባልንጀራው ከማንሣት አስቀድሞ «ዛሬ ይብቃህ» የማለት ዕዳ አለበት፤ የሚጠበቀውም ይህን ቃል ሳይቈጣ የመቀበል ዕዳ አለበት። ወዳጁን ላለማስቀየም ዝም የሚል ጠባቂ ጨርሶ ካለመኖሩ የከፋ ይመስለኛል። ብቻውን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይፈራል፤ በዝምተኛ የተጠበቀ ግን ሳይፈራ ይሞታል።

በአገራችንም ልጆች በገንዳና በሐይቅ ዳር «ማን ይበልጥ ይቆያል» እያሉ ይወራረዳሉ። አንዱ ይጠልቃል፥ ሌላው ዳር ተቀምጦ ይቈጥራል። ቍጥር የሚጠራ ሁሉ ጠባቂ አይባልም፤ ቈጣሪው የጓደኛውን ቍጥር ለማብዛት ሲመኝ መጠበቁን ይረሳልና። ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ለልጆቹ ሊነግሩ የሚገባቸው የሚከተለውን ነው። ከመጥለቅ በፊት በኃይል መተንፈስ ይቅር። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አይጥለቁ፤ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው እዚያው በእጁ በሚደርስበት ርቀት በውኃው ውስጥ ይቁም። የጠለቀው ከወጣ በኋላም 30 ሰከንድ እስኪሞላ ድረስ ጠባቂው ዓይኑን ከፊቱ አያንሣ፤ ራስን መሳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰውየው ከውኃ ወጥቶ፥ ሁሉም እልል ብሎ፥ የመጀመሪያዎቹን ትንፋሾች ሲስብ ነውና።