እግዜር ይስጥልኝ

ለእህቴ ልጅ፣

የገና ዋዜማ ማታ ስትደውዪልኝ "ደህና ነኝ ጋሼ" አልሽኝ። ደህና እንዳልሆንሽ ድምፅሽ ነገረኝ። መጀመሪያ እናትሽ ጋ ደውለሽ ኖሯል፤ ቄጤማው ሲጎዘጎዝ፣ የዶሮው ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ወንድምሽ ከጓዳ ሲጮኽ ሰምተሽ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ነው እኔን ያሰብሽኝ። ያን ማታ ብዙ አላወራሁሽም። ሆድ የባሰው ሰው የሚፈልገው ምክር ሳይሆን የዘመድ ድምፅ ነው። አሁን በዓሉ ስላለፈ ያን ጊዜ የያዝኩትን ልጻፍልሽ። ጥምቀት አለ፣ ፋሲካ አለ፤ ሁለቱም እዚያው አሶሳ ነው የሚያገኙሽ።

ከተናገርሽው ውስጥ አንዲት ቃል ሆዴ ውስጥ ቀርታለች። "እዚህ ያሉትን ስደተኞች ሳይ ማልቀሴ ያሳፍረኛል፤ እኔ እኮ ቤት አለኝ፣ እናት አለችኝ፤ ተመስገን ማለት ነበረብኝ" አልሽ። ስለዚህ ነገር ልመለስበት እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የራሴን የገና ታሪክ ስሚኝ። እናትሽ እንኳ በሙሉ አታውቀውም።

የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲጀመር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ከመምህራን ጋር ወደ 60,000 የምንጠጋ ሰዎች በየገጠሩ ተበተንን። በፈቃዳችን ዘመትን ብዬ አልዋሽሽም፤ ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ተብሎ ነበር። ቢሆንም የብዙዎቻችን ልብ ፈቅዶ ነበር። ካኪያችንን ለብሰን መኪና ላይ ስንወጣ አገር እንደምንለውጥ ምንም ጥርጥር አልነበረንም።

እኔ እንደምታውቂው የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ፤ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ነበር የሚባለው። የደረሰኝ ጣቢያ ደግሞ ሌላ ደብረ ዘይት ሆነ። የወንበራው። ዛሬ አንቺ ባለሽበት በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን ውስጥ ነው፤ በእኛ ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር በመተከል አውራጃ ሥር ነበር። በጎሐ ጽዮን ወርደን ዓባይን ተሻገርን፣ በደጀን ወጣን፣ ቻግኒ ድረስ በመኪና ሄድን፣ ከዚያ ወዲያ እግርና በቅሎ ነው። ከተማው ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። በደጋው ሺናሻው፣ አማራው፣ አገውና ኦሮሞው ተጎራብቶ ይኖራል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ የጉሙዝ መንደሮች ናቸው። ስንደርስ ለገና አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

የሰፈርነው የጭቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሆነን አንድ ነገር ተማምለናል፦ ገበሬውን አናስቸግርም፣ ከማንም ምንም አንቀበልም። ልናገለግል እንጂ ልንበላበት አልመጣንም አልን። ይህ ሐሳብ ያን ጊዜ እጅግ የተቀደሰ መስሎኝ ነበር።

የገና ዕለት ረፋዱ ላይ አንዲት የሺናሻ እናት ሌማት ተሸክመው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ትንሽ ልጅ ቀሚሳቸውን ይዞ ይከተላቸዋል። ሌማቱን ሲከፍቱት የዳጉሳ እንጀራ ነው፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ትኩስ፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቆ። በላዩ የዶሮ ወጥ ፈሶበታል። ስንት ቤተሰብ ከአንዲት ዶሮ እንደሚበላ አውቅ ነበርና ሁለት ብልት አንድ እንቁላል ሳይ ደነገጥኩ። እንደተማማልነው ቆምኩና "እኛ ስንቅ አለን እማማ፣ ለልጆችዎ ይስጡት" አልኳቸው። በትሕትና የተናገርኩ መስሎኛል።

ሴትዮዋ ሌማቱን አላስቀመጡም፣ ይዘውም አልተመለሱም። በሁለት እጃቸው እንደያዙት ዝም ብለው አዩኝ። ቀጥሎ ቀስ ብለው፣ "ከቤቴ የማትበላ ከሆነ ልጆቼን ምን ልታስተምራቸው መጣህ?" አሉኝ።

ልጄ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደዚያች ጥያቄ ያስተማረኝ ግን የለም። መሐላው ቀረ። እጃችንን ታጥበን በላን። እሳቸው በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስክንጨርስ ይጠብቁ ነበር። ስንጨርስ እኔን ጠሩኝና "እናት አለችህ?" አሉኝ። አለች አልኩ። "ዛሬ እሷም እህል በጉሮሮዋ አይወርድላትም። መብላትህን ብታውቅልኝ ምናለ" አሉ። ሌማታቸውን አንሥተው ሄዱ። ያን ጊዜ ነው ዞር ብዬ ያለቀስኩት፤ የአንቺን ልቅሶ የምረዳውም በዚህ ነው።

ከቤት ግን ደብዳቤ አልመጣልኝም። ጥምቀት አለፈ፣ የካቲት ገባ፣ የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ አገሩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከእናቴ ግን አንድ መስመር የለም። ረሳችኝ ብዬ አኮረፍኩ። ያች የሺናሻ እናት በየሳምንቱ "ወረቀት መጣልህ?" ይሉኛል፣ "አልመጣም" እላለሁ፣ "ይመጣል" ይላሉ። ሁዳዴ ተጋምሶ፣ በዚያው በደብረ ዘይት ሳምንት፣ ጠርዙ የተላላጠ ፖስታ ደረሰኝ። ጥፋቱ የወንድሜ ነው። አድራሻውን "ደብረ ዘይት" ብቻ ብሎ ጻፈው፤ መተከልም ወንበራም የሚል የለበትም። ደብዳቤው ከደብረ ዘይት ወጥቶ ደብረ ዘይት ተመልሷል፣ እዚያ ባለቤት ሲጠፋለት ብዙ ተቀምጧል፣ በመጨረሻ አንድ የሰፈር ሰው አይቶት ለእናቴ አመጣላት፤ እንደገና ተላከ። የተጻፈው ለገና ነው። እናቴ ለወንድሜ እየነገረች ያስጻፈችው ነውና አነጋገሯ በሙሉ አለበት። መጨረሻው ላይ "ዛሬ ማን አበላህ ይሆን ልጄ?" ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ ሮጥኩ። ለሴትዮዋ አነበብኩላቸው፤ ያችን መስመር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። በመልሱ እሳቸው ያበሉኝን ጻፍኩ። በሁለተኛው የእናቴ ደብዳቤ ለእኔ የመጣው ሁለት መስመር ነው፤ የቀረው ለእሳቸው ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ የሚል።

ይህን ቃል ቆም ብለሽ አስቢው። ዛሬ ሁላችን "አመሰግናለሁ" እንላለን፤ ደግ ቃል ነው፣ አልጠላውም። እናቶቻችን ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ነው የሚሉት። "ልኝ" የምትለዋን ስሚያት። እኔ ይህን ውለታ መመለስ አልችልም፣ አቅሜም አይደለም፣ ስለዚህ በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥልኝ ማለት ነው። ሰውዬው ባለዕዳ መሆኑን አምኖ ነው አፉን የሚከፍተው። እኔ ከነመሐላዬ ይህን ቃል መናገር የማልችል ሰው ሆኜ ነበር ወንበራ የገባሁት። ሊሰጥ ብቻ የመጣ ሰው ማንን ያመሰግናል? ለምኑስ?

አሁን ወዳልሽው ነገር ልመለስ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል የሚገቡትን ሰዎች በየቀኑ ታያለሽ። እነሱን አይተሽ "ተመስገን እኔ እንዲህ አልሆንኩም" ብትዪ ማንም አይፈርድብሽም፤ ሁላችንም እንለዋለን። እኔ ግን ተይው እልሻለሁ፣ ከልቤ ነው የምልሽ። የሰውን መከራ የራስ ምቾት መለኪያ ማድረግ ነው። ያቺ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች ሱዳናዊት አንቺ ደስ እንዲልሽ የተቀመጠች አይደለችም። ደግሞም አይሠራም፤ ማታ ብቻሽን ስትሆኚ ናፍቆቱ እንዳለ ይመጣል፣ አሁን ደግሞ እፍረት ተጨምሮበት። አልቅሺ። እናቷ የናፈቀቻት ልጅ ማልቀሷ ምስጋና ቢስ አያደርጋትም። የሚናፈቅ ቤት መኖሩ ራሱ እኮ ነው የሚያስለቅስሽ።

ከዚህ ይልቅ ማን ምን እንዳደረገልሽ ቁጠሪ። አከራይሽ በዋዜማው ጠዋት በር አንኳኩተው ቡና እንዳመጡልሽ ነግረሽኛል፤ ነገርሽኝና ወዲያው ወደ ለቅሶሽ ተመለስሽ። እኔ ግን ያችን ሲኒ አልረሳኋትም። ቤተሰባቸው በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ የመጣ ነው ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ በድርቁ ምክንያት ስንት ሺህ ሰው ወደ አሶሳ እንደተጫነ ታውቂያለሽ፤ ብዙው ወድዶ አልመጣም፣ ዘመድ ከዘመዱ ተለያይቶ ነው የመጣው። እሳቸው የመጀመሪያውን ገናቸውን እዚያ ምድር እንዴት ዋሉት? ጠይቂያቸው። ቁጭ ብለሽ፣ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ከትተሽ ጠይቂያቸው። ባይተዋርነትን የሚያውቅ ሰው ነው ባይተዋር በር ላይ ቡና ይዞ የሚመጣው።

የሌላውንም በዓል ልብ በዪ። ልጅ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ነበር፤ እኛ "የሰላም ጓድ" የምንላቸው፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየከተማው ይመጡ የነበሩት። እናቴ ለገና ቤታችን ጠራችው፣ እስኪያልበው አጎረሰችው። ወጥቶ ሲሄድ ነው የእሱ ገና ታኅሣሥ 16 ቀን እንዳለፈ የነገረኝ። ያን ዕለት ሲያስተምረን ውሏል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ግስ ሲጽፍ፣ እኛ ስንስቅ፣ ማናችንም "እንኳን አደረሰህ" አላልነውም። ለእናቴ ስነግራት በጣም አዘነች፤ በዓመቱ ታኅሣሥ 16ን ጠብቃ እንጀራና ወጥ በእኔ እጅ ላከችለት። እሷ ለሰው ልጅ ያደረገችውን ነው እንግዲህ ወንበራ ላይ ያገኘሁት፤ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን የሚገቡበት ዓመት አለ። የበርታ ጎረቤቶችሽ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ አመሻሽ ላይ ለኢፍጣር ቢጠሩሽ ጾመኛ ነኝ ብለሽ አትቅሪ። ሂጂ፣ የሚስማማሽን ቅመሺ፤ ቴምርና የማሽላ ገንፎ በባሚያ አይጠፋም። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ስኳርም ቢሆን ያዢ። እንግዳ ሆነሽ ወንበር ላይ አትቀመጪ፤ ጓዳ ግቢ፣ ሽንኩርት ላጪ፣ ዕቃ እጠቢ። ፎቶ ማንሣቱን ለሌላ ቀን ተይው። "ሹክራን" ማለትን ተምረሻል፤ ደግ፣ ግን በርታዎች በራሳቸው ቋንቋ እንዴት እንደሚሉት ከልጆቹ ተማሪ። እኔ ወንበራ ዓመት ተኩል ያህል ስቀመጥ የሺናሻን ቋንቋ በቅጡ አለመማሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመስከረም፣ በመስቀል ሰሞን፣ ጋሪ ዎሮ የሚሉትን በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ የተጣላ ታርቆ፣ ክረምቱን ላሻገራቸው አምላክ ሽማግሌዎቹ ሲያመሰግኑ መሐላቸው ተቀምጬ ነበር። የሚሉት አልገባኝም። ፊታቸውን ብቻ ሳይ ዋልኩ። ያ ሁሉ ምስጋና በጆሮዬ አለፈ።

ለእናትሽ ደግሞ የበዓል ቀን ጠዋት ደውዪላት፣ ማታ አይደለም። ጠዋት ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ሳቅ አለ፤ ማታ ሁሉም ሲበተን ነው እሷም የምታለቅሰው። ስትደውዪም "ደህና ነኝ" ብቻ ብለሽ አትዝጊባት። ማን እንዳበላሽ ንገሪያት። ምን እንደበላሽ፣ በማን ቤት፣ ከነማን ጋር፣ ሴትዮዋ ስንት ልጆች እንዳሏቸው። እናት የምትፈልገው ይህንን ነው።

ፋሲካ ሲደርስ የአሶሳው ማንጎ ይደርሳል። እናትሽ እንደምትወድ ታውቂያለሽ፤ መንገደኛ ካገኘሽ ላኪላት። የፋሲካ ዕለት ስትደውዪልኝ ደግሞ ከአከራይሽ ቤት ሆነሽ ደውዪ፣ ስልኩንም ለእሳቸው አቀብዪልኝ። የምላቸው ነገር አለኝ።

አጎትሽ