መጠየቅ አለማመን ነውን?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ የገበያ ጉዳይ ቢመስልም ሥሩ ከግብረ ገብ ነው። ዛሬ በየቤታችን ስለ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ይወራል። ሻጩ ስልክ ይደውላል ወይም በር ያንኳኳል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚመጣው ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ነው። ቡና ይፈላል፣ ወግ ይያዛል፣ በመጨረሻም በዕብራይስጥ የተጻፈ ውል ይቀርባል። ገንዘቡ በአሥር ሺህዎች ሸቀል የሚቆጠር ነው። የቤቱ ባለቤት ሊጠይቅ የሚፈልገው ነገር አለ፤ ነገር ግን «አላመነኝም ይለኛል» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ በእውነት ጨዋነት ነውን?

ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም። ሰው ሰውን እንዳያሳፍር፣ ኃይለኛውም ደካማውን እንዳያዋርድ የሚጠብቅ አጥር ነው። ይሁን እንጂ ወላጆቻችን በይሉኝታ ብቻ ይገበያዩ ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በጎንደር አካባቢ በነበሩት የቤተ እስራኤል መንደሮች አንጥረኛው ማረሻ፣ ሸክላ ሠሪዋ ማድጋና ምጣድ፣ ሸማኔውም ጋቢ ይሠሩ ነበር። ማረሻው ከተበላሸ ገበሬው ይዞት ወደ ሠራው ሰው ይመለሳል፤ ሠሪው እዚያው ነው፣ ደጁም ይታወቃል። ብድር ወይም የከብት ሽያጭ ሲሆን ደግሞ ምስክር ይቆማል፣ ዋስ ይጠራል። ዋስ ጥራ መባል የተለመደ ሥርዓት እንጂ ስድብ አልነበረም። እንግዲህ እምነት የቆመው በሰው ልብ ላይ ብቻ ሳይሆን በቅርበትና በዋስ ላይም ነበር ማለት ነው።

አሁን ያ ቅርበት የለም። ጣሪያችን ላይ የሚወጣው ባለሙያ የሚኖረው በሌላ ከተማ ነው፤ ድርጅቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ዕቃው ራሱም ጠባዩ ሌላ ነው። ዱድ ሼሜሽን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ደንብ በአብዛኞቹ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ እንዲተከል ስላዘዘ በየጣሪያው ይታያል። ዱዱ ቢበላሽ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ ሰውም በዚያው ቀን ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በየቤቱ መተከልና ለባለቤቱም ገንዘብ ማስገባት የጀመረው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ግን እንዲህ አይደለም። ፓኔሎቹ ማመንጨት ከሚገባቸው ሩቡን ቢያጎድሉ መብራቱ አይጠፋም፣ ቤቱም አይጨልምም። ጉድለቱ የሚታየው ቁጥሩን ለሚከታተል ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ዓይኑ የማያየውን ነገር ለ25 ዓመት በአደራ ይሰጣል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? አንደኛ፣ ጠቅላላ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የአንዱን ኪሎዋት ዋጋ እንጠይቅ። ለምሳሌ ያህል አንዱ 8 ኪሎዋት በ40,000 ሸቀል፣ ሌላው 10 ኪሎዋት በ45,000 ሸቀል ቢያቀርቡ፣ የፊተኛው ርካሽ ይመስላል። ሲካፈል ግን የፊተኛው 5,000፣ የኋለኛው 4,500 ሸቀል ለአንድ ኪሎዋት ይሆናል። ሁለተኛ፣ በዓመት ስንት እንደሚያመነጭ በጽሑፍ ይስጠን። በዚህ አገር በመልካም አቅጣጫ የተተከለና ጥላ የሌለበት አንድ ኪሎዋት በዓመት ወደ 1,600 ወይም 1,700 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል። ከዚህ እጅግ የበለጠ ቃል የሚገባ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ጣሪያ ላይ ሳይወጣ፣ የዱዱ በርሜል ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ ሳያይ ዋጋ የሚቆርጥ ሰውም ሥራውን ገና አልጀመረም።

ሦስተኛ፣ ዋስትና የሚለው ቃል አንድ ቢሆንም ነገሩ ብዙ ነው። የፓኔሉ ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ ለ25 ዓመት ኃይሉ ከተወሰነ መጠን እንደማይወርድ ዋስ ይሆናል፤ ፓኔል በየዓመቱ ግማሽ በመቶ ያህል መድከሙ የተለመደ ነው። ኢንቨርተር የሚባለው፣ ከፓኔሉ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለቤት እንዲስማማ የሚለውጠው መሣሪያ ግን ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን መለወጡ የማይቀር ወጪ ነው። የተከላው ሥራ ዋስትና ደግሞ ለብቻው ነው፤ ጣሪያው ቢያፈስ የሚጠየቀው ፋብሪካው ሳይሆን የተከለው ሰው ነው። «25 ዓመት ዋስትና አለው» ሲባል የየትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በመጨረሻም ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ የመጨረሻው ክፍያም ሥራው ተፈትሾ ከኤሌክትሪክ መሥመሩ ጋር ከተገናኘ በኋላ ይሰጥ።

እዚህ ላይ የሚነሣ መልስ አለ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባላል፤ በቋንቋችን የሚያስረዳን የራሳችንን ልጅ እንደ ባዳ መመርመር አይከብድም ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የራሳችን ባለሙያዎች ሥራ ማግኘታቸውም ሊያስደስተን ይገባል። ነገር ግን ጉዳዩን ከሐቀኛው ባለሙያ ወገን ሆነን እንየው። እርሱ የተሻለ ዕቃ ይገዛል፣ ሠራተኞቹን ያለ መታጠቂያ ገመድ ጣሪያ ላይ አያወጣም፣ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይቀጥራል። በዚህም ምክንያት ዋጋው ከፍ ይላል። ገዢው ምንም ካልጠየቀ በዓይኑ የሚታየው ዋጋው ብቻ ስለሆነ ሥራውን የሚወስደው ርካሹ ነው። አለመጠየቅ አታላዩን ከማሳፈር ያድነዋል፤ ሐቀኛውን ግን እንጀራውን ይነሣዋል። እንግዲያውስ ጥያቄ የሐቀኛው ሰው ወዳጅ ነው።

ገዢውም ቢሆን ዕዳ አለበት። ዋጋውን አለልክ እየገዘገዘ የሚያወርድ ሰው ያ ገንዘብ ከየት እንደሚቀነስ ያውቃልን? ከሽቦው ጥራት፣ ከአገልግሎቱ፣ ወይም ጣሪያ ላይ ከሚወጣው ወጣት ደኅንነት ሊሆን ይችላል። በርካሽ አገኘሁት ብሎ መኩራት ሌላ ሰው ኪሳራውን እንደተሸከመ ላለማየት ፊትን ማዞር ሊሆን ይችላል።

በቤታችን ያለ አንድ ሌላ ሸክምም አለ። ዕብራይስጥ የማያነቡ እናትና አባት ውሉን ለልጃቸው ይሰጣሉ። የ15 ዓመት ልጅ እንግዳው ፊት ቁጭ ብሎ ለ25 ዓመት የሚያስር ወረቀት ይተረጉማል፤ ነገሩ ከተበላሸም ጥፋቱ የእርሱ ይመስለዋል። ይህ ለልጅ አይገባም። ወረቀቱ ቤት ይደር፣ የሚያውቅ ጎልማሳም ያንብበው። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ዋጋው ያልፋል» ለሚል ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በቂ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግም፣ በኋላ በተጨመረበት ማሻሻያ፣ በስልክ ወይም በር ለበር በንግግር የተደረገን ውል አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች እስከ 4 ወር ድረስ እንዲሰርዙ መብት ይሰጣል። ሕጉ እንደ ዕቃውና እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ልዩነት ስላለው የሚጠራጠር ሰው ሳይዘገይ የሕግ ምክር ይጠይቅ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄአችን መልስ እንምጣ። ሰውን ማመን ሌላ ነው፣ ሥራን ማወቅ ሌላ ነው። ሰው ይታመማል፣ ይረሳል፣ አገር ይለውጣል፣ ይሞታልም። ሐቀኛው እንኳ ከ20 ዓመት በኋላ ስልኩን ላያነሣ ይችላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አበው ወዳጃቸውን የሚጠረጥሩ ስለነበሩ አይደለም። «ወንድሜ፣ ይህን ጻፍልኝ» ማለት ከዋስ ጥሪው የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው። ጻፍልኝ ሲባል ደስ ብሎት የሚጽፍ ባለሙያ ካገኛችሁ፣ ቡናውን ሁለተኛ አፍሉለት።