አንድ ጊዜ የተነፋውን ስለ ማቆየት

የጃዝ ሸክላ መሰብሰብ ከራሱ ጋር የሚጣላ ሥራ ይመስላል። የጃዝ ተጫዋች የታወቀ ዜማ ይይዝና ጓዶቹ መካከል ቆሞ፣ እንደ መጣለት፣ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ነገር ያወጣል። የዛሬውን ነገ እንዲደግመው ማንም አይጠብቅበትም፤ ቢደግመውም ለዛው ይጠፋል። የሸክላ ሥራ ደግሞ መድገም ነው። መርፌው ባረፈበት ቁጥር ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ትንፋሽ፣ ያንኑ ስሕተት ያሰማል። ታዲያ መደርደሪያው ላይ ያለው ጃዙ ራሱ ነው ወይስ ጃዙ ካለፈ በኋላ የቀረ ዱካ? መልሱ ሸክላውን እንዴት እንደምንሰማ፣ የጃዝንም ታሪክ እንዴት እንደምናነብ ይወስናል።

ጥያቄው ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ማኅሌት የሚቀርብ ቅኔ ለዕለቱ የሚታሰብ፣ ለዕለቱም የሚባል ነው። ልኩ፣ ቤቱና ዜማው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በዚያ ልክ ውስጥ የሚገባው ሐሳብ ግን አዲስ መሆን አለበት። ባለቅኔው የትናንቱን ዛሬ ቢመልሰው አዋቂው አድማጭ ቅር ይለዋል። ያም ሆኖ ጥሩ ቅኔ ከተባለበት ቀን አልፎ ይኖራል፤ የሚኖረውም ከሰሙት አንዱ በቃሉ ይዞት ለሌላው ስለሚነግር ነው። የጃዝ ሸክላ ከዚህ አድማጭ ወገን ነው። የተባለውን ይዞ ይነግረናል፤ ባለቅኔው በማግሥቱ ምን ሊል ይችል እንደነበር ግን ሊነግረን አይችልም።

ቻርሊ ፓርከር ኦክቶበር 28 ቀን 1947 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ ለዳያል ኩባንያ የጆርጅ ገርሽዊንን «ኤምብሬሰብል ዩ» በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቀረጸ። ዜማው ያው ነው፣ ትራምፔት የያዘው ማይልስ ዴቪስም ሆነ ሌሎቹ ጓዶቹ ያው ናቸው። የሁለተኛው ቅጂ የፓርከር ሳክስፎን ግን የመጀመሪያውን ፈጽሞ አይመስልም፤ አነሳሱም አካሄዱም ሌላ ነው። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው «ሥራው እንዲህ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ግን እጁ ላይ ያለው ከብዙ መንገድ አንዱ እንደሆነ ይገባዋል። ቀናተኛ ሰብሳቢዎች ኩባንያው የተዋቸውን ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጂዎች ሳይቀር የሚያሳድዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሸክላው ግን ዝም ብሎ የሚቀበል ዕቃ አልነበረም። የሚይዘውን ሙዚቃ ራሱ እየገራ ነው ያሳደገው። በ1923 የኪንግ ኦሊቨር ባንድ ኢንዲያና ግዛት ሪችመንድ ከተማ በሚገኘው የጄኔት ስቱዲዮ ሲቀርጽ ማይክሮፎን አልነበረም። ሙዚቀኞቹ በአንድ ትልቅ ጡሩምባ መሰል ቀንድ ፊት ቆመው ይጫወታሉ፤ ድምፃቸውም መርፌውን እየገፋ ሰሙ ላይ ይጫራል። ኃይለኛ ከበሮ መርፌውን ያዘልል ስለነበር ቤቢ ዶድስ የሚመታው በአብዛኛው የእንጨት ማንኳኳያ ነበር። ወጣቱ ሉዊ አርምስትሮንግ ደግሞ ኮርኔቱ የአለቃውን የኦሊቨርን እየዋጠበት ከቀንዱ ራቅ ብሎ እንዲቆም መደረጉን የባንዱ አባላት ተርከውታል። በዚያ ላይ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ጃዝ አጭር፣ ከበሮው የሳሳ፣ ሁሉም በየተራው ጥቂት ብሎ የሚያልፍበት ሆኖ የሚሰማን ከፊሉ የዕቃው ጠባይ ነው። ኮሎምቢያ በ1948 በአንድ ገጹ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘውን ሎንግ ፕሌይ ሲያወጣ ተጫዋቹ ሐሳቡን ሳይቆርጥ የሚጨርስበት ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲያ የመጡት ረጃጅም ሥራዎች የተጫዋቹን ብቃት ያህል የፋብሪካውንም ታሪክ ይናገራሉ።

ያልተያዘውም ከተያዘው አያንስም። የኒው ኦርሊንሱ ኮርኔት ነፊ በዲ ቦልደን ብዙዎች የጃዝ አባት የሚሉት ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ አንድም ሸክላው አልተገኘም። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ የሚባለው በ1917 የወጣው የነጮች ባንድ ሥራ ነው፤ ሙዚቃውን የፈለሰፉት ጥቁሮች ግን ተራቸው እስኪደርስ ዓመታት ጠብቀዋል። በኦገስት 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ለሸክላ ኩባንያዎች እንዳይቀርጹ ከለከለ፤ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር ሙሉ በሙሉ የታረቀው በ1944 መገባደጃ ነው። ቢቦፕ የተባለው አዲስ የጃዝ ስልት በሃርለም ክለቦች ውስጥ በሌሊት እየተቦካ የነበረው በእነዚሁ ዓመታት ነበር። በሸክላ ብቻ ታሪክ የሚያነብ ሰው በ1945 የቢቦፕ ተጫዋቾቹ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ ከሰማይ የወረዱ ይመስለዋል። የያዘ ሰው ሲገኝም መርጦ ይይዛል። ዲን ቤኔዴቲ የተባለ ሳክስፎን ተጫዋች በ1947 እና 48 ፓርከርን እየተከተለ በየክለቡ ሲቀርጸው፣ ፓርከር ሲነፋ ማሽኑን ይከፍታል፣ ሌላው ተራውን ሲይዝ ይዘጋል። ያ ቅጂ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1990 ለሕዝብ ሲወጣ፣ ጓዶቹ የመለሱለት መልስ የተቆረጠበት ንግግር ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ያወቀ ሰብሳቢ ሸክላውን አይንቅም፤ እንዲያውም አስተውሎ ማንበብ ይጀምራል። ትልቁ ደስታም እዚህ ላይ ነው። ከሽፋኑ ጀርባ ያሉትን ስሞችና የቀረጻ ቀኖች የሚያነብ ሰው በመጽሐፍ ተለያይተው የሚተረኩ ነገሮች በአንድ ቤት እንደነበሩ ይደርስበታል። የጃዝ ታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ዘመኑን በቅደም ተከተል ያስቀምጡታል፤ ኮርዶች የሚፈራረቁበት ሙዚቃ ጫፍ ደረሰ፣ ከዚያም በጥቂት ቅኝት ላይ ረጋ ብሎ የሚቆመው ተከተለ ይላሉ። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የዚህ የረጋው ምሳሌ ነው፤ የመጨረሻው ቀረጻው ኤፕሪል 22 ቀን 1959 ነው። በዚያ ላይ የነፋው ጆን ኮልትሬን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በሜይ መጀመሪያ «ጃያንት ስቴፕስ»ን ቀረጸ፤ ይህ ደግሞ ኮርዶቹ እንደ ጥይት የሚሮጡበት ነው። ቤዝ የያዘው በሁለቱም ላይ ፖል ቻምበርስ ነው። አንዱ በዚያው ዓመት ሌላው በ1960 ስለወጣ በመደርደሪያ ላይ የሚቆሙት በየፊናቸው ነው፤ በቀረጻ ቀናቸው የደረደራቸው ሰው ግን አንዱ ዘመን አልቆ ሌላው እንዳልጀመረ፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ አብረው እንደነበሩ ያያል።

እዚያው «ጃያንት ስቴፕስ» ላይ ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማ አንድ ነገር አለ። ኮልትሬን መንገዱን አስቀድሞ ያጠና ስለነበር ሳይሰናከል ያልፈዋል። ተራው ለፒያኒስቱ ለቶሚ ፍላናገን ሲደርስ ግን ጥቂት ሐረግ ይጀምርና ይቆራረጥበታል፤ በመጨረሻም ዜማ መፍጠሩን ትቶ ኮርዶቹን ብቻ እየነካ ይሸኛቸዋል። ፍላናገን ተራ ሰው አይደለም፤ ከዘመኑ ምርጥ ፒያኒስቶች አንዱ ነው። ሸክላው ግን ያችን የጭንቅ ደቂቃ ይዞ በዓለም ዙሪያ ሲደግማት ኖሯል። በ1982 ፍላናገን ለኮልትሬን መታሰቢያ ባወጣው ሸክላ ያንኑ ዜማ እንደገና ተጫወተው፤ በዚህኛው እጁ አልተያዘበትም። ሁለቱን ጎን ለጎን የያዘ ሰው አንድ ሸክላ የአንድ ቀን ምስክር እንጂ የአንድ ሰው ፍርድ አለመሆኑን ይማራል።

ያ ምስክርም ሊሳሳት ይችላል። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በመጀመሪያው ቀን ሲቀረጽ ዋናው ማሽን ጥቂት ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ገጽ ሦስቱ ሥራዎች ከሸክላው ሲሰሙ ከተጫወቱት ትንሽ ፈጥነው፣ ድምፃቸውም ትንሽ ቀጥኖ ወጣ። የታረመው በ1992 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው የወደደው፣ ያለቀሰበት፣ የተማረበት ድምፅ በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማው አልነበረም። ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅበት የመጀመሪያው እትም ስሕተቱን የያዘው ነው። ገዢው ተታለለ ማለት ግን አይደለም፤ የያዘው የሁለት ነገር ታሪክ ነው፣ የጨዋታውና የሰሚዎቹ።

ይህን ፍቅር የሚከስሱ አሉ፤ ክሳቸውም መሠረት አለው። ሸክላውን ሳይከፍቱ አሽገው ዋጋው እስኪጨምር የሚያስቀምጡ ሞልተዋል። አንዳንዱ ከሙዚቃው ይልቅ መርፌው ከሚያልፍበት መስመር ውጭ፣ በሸክላው እምብርት አጠገብ የተመታውን ምልክት ይመረምራል፤ የታዋቂው ቀራጭ የሩዲ ቫን ጌልደር ስም ሦስት ፊደላት አሉበት ወይስ የሉም እያለ። ምልክቱን ማወቅ ክፋት የለውም። ቫን ጌልደር ቀን ቀን የዓይን መነጽር ባለሙያ ሆኖ እየሠራ፣ ሃከንሳክ በሚገኘው በወላጆቹ ሳሎን ውስጥ እነ ኮልትሬንን የቀረጸ ሰው ነውና ፊደላቱ የእጁ ማረጋገጫ ናቸው። እውቀቱ ወደ ጆሮ ካልተመለሰ ግን ሸክላና ሌላ ማንኛውም ውድ ዕቃ ልዩነት የላቸውም።

እኛም በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ አለን። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሥራው በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር፤ ያንን ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ በባለ 45 ዙር ሸክላ አወጣ፤ የመጀመሪያዎቹም ህንድ ታትመው መጡ። ሙላቱ አስታጥቄ በበኩሉ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶችና ከላቲን ምት ጋር አጣምሮ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን በ1972 ኒው ዮርክ ቀረጸ፤ «የካቲት ኢትዮ ጃዝ»ም በ1974 በአምሃ በኩል ወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊት ሙዚቃውን ዘጋው፤ ካሴቱም ሸክላውን ተካው። በ1998 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛው ቅጽ የሙላቱን ሥራዎች ሰብስቦ ሲያወጣ፣ በ2005ም የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሲያሰማቸው፣ የውጭ ሰብሳቢዎች ዋናዎቹን ሸክላዎች ማደን ጀመሩ። አዲስ አበባ የቀሩት ብዙዎቹ ቡና ቤት ውስጥ ሌት ተቀን የተዘፈነባቸው፣ የተጫጫሩ ናቸው። ለገበያው ይህ ጉድለት ነው። ለታሪክ ግን ጭረቱ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሸክላው መሰማቱን ይመሰክራል። ንጹሑ ቅጂ ድምፁን፣ የተጫጫረው ዘመኑን ያቆያሉ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል። ሸክላ ጃዝን አያቆይም፤ ጃዝ እንደነበረ ያስረዳል። ሰብሳቢው ያለበት አደራም ሁለት ነው። አንደኛው የያዘውን ያለ ቅናት ማሰማት ነው፤ ቅኔ በቃሉ ይዞ ለማንም ያልነገረ ሰው ቅኔውን ከባለቅኔው ጋር ቀብሮታልና። ሁለተኛው ያልተያዘውን ማክበር ነው፤ ቦልደንን፣ የሃርለምን ሌሊቶች፣ እኛም ዘንድ በ2015 መጀመሪያ ከጣይቱ ሆቴል ጋር በተቃጠለው ጃዝ አምባ ክለብ ያለፉትን ምሽቶች። ይህን የተረዳ ሰው ሸክላውን ሰምቶ ሲያበቃ ካባውን ደርቦ ዛሬ ማታ የሚጫወት ባንድ ወዳለበት ይሄዳል። ከመድረኩ ፊትም የሚቀመጠው «እንደ ሸክላው አልተጫወተውም» ለማለት አይደለም፤ አለመጫወቱን ደስ ብሎት ለመስማት ነው።